የእትዬ አይናዲስ ክር

ሳን ሆዜ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ የአክስቴ ልጅ ለእት ዕፀገነት፣

እንደምን ሰንብተሻል? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትሽን ለቀቀልሽ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አክሊሉ የኦክላንድ ቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ለእናቱ ተዝካር ነው የሚመጣው፣ ሁለት ሳምንት ተኩል ይቆያል። መልስሽን በእሱው እጅ ላኪልኝ።

ናዖድ ሴት ልጅ እንደ ወለደ ሰምተሻል። ሳሌም አሏት። እህቴ ስትሞት ናዖድ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እኔ ያሳደግሁት ልጅ ዛሬ ዳይፐር ሲቀይር አየዋለሁ። ሚስቱ ቢሌን ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ናት። እናትና አባቷ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ ግን ኦክላንድ ነው ያደገችው። ግንቦት ላይ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጅቷን ይዤ የምውለው እኔ ነኝ። ለዚህ ብዬ የሆቴሉን ልብስ ማጠቢያ ሥራ ለቀቅሁ፣ የኦክላንዱን ክፍሌንም አስረክቤ ሳን ሆዜ እነሱ ቤት ገባሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ስተኩስ የኖርኩት ለዚህ ቀን ነው ብዬ አስባለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ አንድ ዕቃ ነው። ሞኒተር ይሉታል። አንደኛውን ሕፃኗ በተኛችበት ክፍል ታስቀምጫለሽ፣ ሌላውን አንቺ ትይዣለሽ፤ ስታለቅስ እጅሽ ላይ ባለው ይሰማል። ቤቱ ፎቅ ስለሆነ ሕፃኗ ከላይ ትተኛለች፣ ወጥ ቤቱ ታች ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው አሉ። ድምፅ ብቻ የሚያሰማ አለ፣ እንደ ትንሽ ሬዲዮ። ካሜራ ያለው አለ፤ በእሱ ቢሌን ሥራ ቦታ ሆና በስልኳ ክፍሉን ታያለች፣ ከፈለገችም ትናገርበታለች። ደግሞ ካልሲ የሚመስል አለ፣ ሕፃኗ እግር ላይ ሆኖ የልቧን ምት ይቆጥራል። ራት በቀረበ ቁጥር በዚህ ይከራከራሉ።

«ድምፅ ብቻ ያለው ይበቃናል። እታለም እኮ ቤት ናት» ይላል ናዖድ።

«ኖ ቤብ፣ ካሜራው ቤተር ነው። ብሬክ ላይ ሆኜ ላያት እፈልጋለሁ» ትላለች ቢሌን።

ካልሲውን ናዖድ አይወደውም። «የወለድነው ልጅ ነው ወይስ ሰርቨር?» ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። «እታለም፣ ለአንቺ የቱ ይሻልሻል?»

«እኔ ዕቃ አያስፈልገኝም፣ ጆሮ አለኝ» አልኳቸው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ቢሌን የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ልጅቷን አጥብታ፣ አስተኝታ ሄደች። እኔ ታች ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ላይ ሮጠች። ተከትዬ ስወጣ የሳሌም ፊት በርበሬ መስሏል፣ አንገቷ በላብ ረጥቧል።

«ሲንስ ዌን ነው የምታለቅሰው?» አለችኝ ቢሌን።

እኔ የት አውቄ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «በእኛ አገር ልጅ ትንሽ ይተዋል፣ ሲያለቅስ ሳንባው ይጠነክራል» አልኳት።

ቢሌን ያገር ልማድ ሲባል የምታከብር ልጅ ናት። ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ኦኬ፣ አላወቅሁም ነበር» አለች። ናዖድ ማታ ሲሰማ ግን ገረመው። የሞኒተሩ ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃው ክፍት ስለነበር ነው ያልሰማኋት፤ ለአንቺ አልዋሽም።

ካሜራው እንዳይመጣ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ሳትጠመቅ ዓይን ይበላታል ብያቸዋለሁ። ናዖድ አንቺን ያከብራል። በቤታችን እንዲህ ነው ብለሽ ሁለት መስመር ብትጽፊለት ነገሩ ያበቃል። ስልክ ስላልደወልኩ አትቀየሚኝ፤ ሕፃን ባለበት ቤት መጮህ ደስ አይለኝም።

ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ።

እህትሽ ዓለምፀሐይ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓለምፀሐይ፣

ሰላምታዬ ከነብርዱ ይድረስሽ። ጉልበቴ እንደ ነበረ ነው፤ የላክሽልኝን ሹራብ ግን ለብሼዋለሁ። አክሊሉ ጨዋ ሰው ነው። ሽሮዬን በልቶ «እንደ እናቴ ነው» አለኝ። እናቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትምና ብዙ አላስወራሁትም።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። የሳንባውን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓለሜ፣ እኛ ቤት ልጅ እንዲያለቅስ የተተወው መቼ ነው? አያታችን ልጅ ካለቀሰ ዘነዘናዋን ጥላ አልነበረም የምትሮጠው? ይህን ልማድ ከየት አመጣሽው?

ለናዖድ የጠየቅሽኝን አልጻፍኩም። ጾም ነው። ደግሞም አክሊሉ ስልኩን አውጥቶ የሳሌምን ፎቶ አሳየኝ፤ ናዖድ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ልኮታል። አርባ ፎቶ ይሆናል። ስታዛጋ አይቻታለሁ፣ ስታስነጥስ አይቻታለሁ። ዓይን የሚበላት ቢሆን እስካሁን በልቷት ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄ ደምመላሽ በጥር ደውሎልሽ ነበር። «እናቴ አሟት ተኝታለች» ቢልሽ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽው። እሱ ሲነግረኝ በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅሁም። እኔን ትጠዪኝ እንደሆነ አላውቅም ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ።

እኔም ብሆን ስልክ አልወድም፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ የሚያወራልኝ ደምመላሽ ነው። ግን በወረቀት እንኳ ቢሆን እውነቱን ንገሪኝ። ውኃ ምን ያህል ቢጮህ ነው? ያ ዕቃ የሚያየው ልጅቷን ነው። አንቺ ለምን ፈራሽው?

ሳሌምን በእናት ፋንታ ሳሚልኝ።

ዕፀገነት


ሳን ሆዜ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እት ዕፀገነት፣ እንኳን ከጾሙ ወደ ፍስኩ በሰላም አሸጋገረሽ።

እግዚአብሔር ይመስገን ያልኩት ስላልሰማሁ ነው።

ይህን ጽፌ ለአራት ቀን አስቀምጬው ነበር። ግራ ጆሮዬ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ያጓራ ስለነበር ከዚያ ስወጣ ይሻለኛል እያልኩ ኖርኩ። ቀኙ ካቻምና ጀመረው። አሁን ሰው ፊቴ ቆሞ ሲናገር አፉን አይቼ ነው የምረዳው። ናዖድ ጺሙን ካሳደገ ወዲህ ግማሹ ይቀርብኛል። የቢሌን ወሬ ግማሹ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ዝም ሲሉ ዝም እላለሁ። ቅዳሴ ላይ ከጎኔ ያለችውን ሴት አይቼ እሰግዳለሁ፤ እሷ ስታረፍድ እኔም አረፍዳለሁ። ስልክ ሲደወል ደህና ነኝ ብዬ እዘጋለሁ። ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ወረቀት አይደበቀኝም።

የዚያን ቀን ውኃው ክፍት አልነበረም።

የማላውቀው ልማድ ደግሞ አገር እየዞረ ነው። ቢሌን ለሥራ ባልደረቦቿ በስልክ ነገረቻቸው፤ አንዷማ ጥናት አለ ወይ ብላ ጠይቃለች። ለእናቷ ለወይዘሮ ሂወትም ነገረቻት። ወይዘሮ ሂወት ቡና አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝና «እኛ ዘንድ የለም፤ የእናንተ ይሆናል» አለችኝ። አዎ የእኛ ነው አልኳት። አየሽ፣ አያታችንን ጭምር ዋሸሁባት።

ባለፈው ወይዘሮ ሂወት ኦክላንድ ውስጥ አንድ የሕፃን ዕቃ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ሞኒተሮቹ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ናቸው። አንድ ካርቶን አነሣሁ። ሥዕሉ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ትንንሽ መብራት ይበራል፣ በእናትየዋ ክንድ ላይ ደግሞ ሰዓት የመሰለ ነገር ታስሯል፣ ዙሪያው ንዝረት ተሥሎበታል። ያለማንም ትርጉም ገባኝ። ወይዘሮ ሂወት ከእጄ ተቀብላ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አነበበችና ወደ እኔ ዞራ፣ አፏን በደንብ አየሁት፣ «ለደንቆሮ ነው መሰለኝ፣ ምስኪን» አለች። ወደ ቦታው መለሰችው። እኔም «ምስኪን» አልኩ።

እንግዲህ ሦስቱ ዓይነት አይበጁኝም። ድምፅ ብቻ ያለው ለእኔ ድንጋይ ነው። ካሜራው ያጋልጠኛል። ካልሲው ሲጮህ አልሰማውም። የሚበጀኝ አንዱ ነው፣ እሱን ይግዙልኝ ማለት ደግሞ መናገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አይናዲስ ከዓይኔ አልጠፋችም። ታስታውሻለሽ፤ ጆሮዋ ከሄደ በኋላ እናቶች እርሻ ሲውሉ ልጅ የምትይዘው እሷ ነበረች። ልጁን መደብ ላይ ታስተኛና ከቁርጭምጭሚቱ እስከ እጇ አንጓ ጥቁር የበግ ፀጉር ፈትል ታስራለች። ልጁ ተነሥቶ ሲንፈራገጥ ክሩ ይጎትታታል፣ ደጅ ሆና እህል እየለቀመች ትነሣለች። እኛ ምን እናደርግ ነበር? ልጁ እንደ ተኛ ክሩን እንጎትታለን። ሠፌዷን ጥላ ስትሮጥ በር ጥግ ሆነን እንስቃለን። ደግሞ ፊቷ ቆመን ድምፅ ሳናወጣ አፋችንን ብቻ እናንቀሳቅሳለን። «ጮክ በሉልኝ ልጆቼ» እያለች ጎንበስ ትልልናለች። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችም። የቀረውን አልጽፈውም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የሳሌም ሰማንያ ቀን ግንቦት አንድ ይሞላል፣ ለልደታ ትጠመቃለች። ከዚያ በኋላ ምክንያት የለኝም። ብነግራቸው ልጅቷን ከእጄ ይወስዷታል። ባልነግራቸው አንድ ቀን ታለቅሳለች፣ እኔም አልደርስላትም። ለማንም ሳታሳይ ቶሎ ጻፊልኝ።

ዓለምፀሐይ


ሳን ሆዜ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እት ዕፀገነት፣ ጤናሽ እንዴት ነው?

መልስሽን ብጠብቅ ቀረ። ፖስታው ዘግይቶ እንደሆነ አላውቅም፣ ጠልተሽኝም እንደሆነ አላውቅም። ብትጠዪኝም ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ሳሌም ተጠመቀች። ስሟ ወለተ ሐና ተባለ። በማግሥቱ ናዖድ «እንግዲህ ሰማንያው አለቀ እታለም፣ ቡዳውም ሥራ ፈታ» ብሎ ሳቀብኝና ካሜራ ያለውን ገዛ። ካልሲው ቀረ።

መጀመሪያ እንደፈራሁት አልነበረም። እኔ የምይዘው መስታወት አለው፤ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ትታያለች። ቢሌን ሥራ ስትጀምር ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ ሳላነሣ ሁለት ቀን ዋልኩ። ስከትፍ አየዋለሁ፣ ስጠርግ አየዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆርጫለሁ። ይኸው በዓይኔ እሰማለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሳልነግራቸው መኖር እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ልብሷን ላጥፍ ክፍሏ ገባሁ። እዚያው አጠገቧ ነኝ ብዬ መስታወቱን ታች ተውኩት። አጥፌ ስጨርስ ዞር አልኩ፣ ልትይዘኝ የፈለገች ይመስል እጆቿን ዘርግታ እያለቀሰች ነው። አነሣኋት፣ ዝም አለች። ምንም አልሆነችም ብዬ ደስ ብሎኝ ታች ወረድኩ።

ቢሌን በዚያ ቀን ከወትሮዋ ሦስት ሰዓት ቀድማ መጣች። ልጅቷን ከእቅፌ ተቀብላ ፊቴ ቁጭ አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። ካሜራው ያየውን ሁሉ ያስቀምጠዋል ለካ።

እት ዕፀገነት፣ ጀርባዬን አየሁት። አንዲት ነጠላ ያገለደመች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትንንሽ ልብስ ታጥፋለች። እጅጌውን ታስተካክላለች፣ ትዳብሰዋለች፣ ትደርበዋለች። ከኋላዋ በሁለት ክንድ ርቀት የሕፃኗ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ቢሌን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታው እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ለእኔ ግን አፏ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እኛ በእትዬ አይናዲስ ፊት እንደምናደርገው ነበር። ሳሌም ግን እየቀለደች አልነበረም።

ስድስት ደቂቃ ነው። ቢሌን ከሆስፒታሉ ሆና በካሜራው ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች። «እትዬ፣ ሳሌም ተነሥታለች።» «እትዬ?» ሦስተኛውን ጮሃ ነው የጠራችኝ አለች። ሴትየዋ አልዞረችም።

«አይሰሙም?» አለችኝ ቢሌን፣ ቀስ ብላ፣ ፊቴን እያየች።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ለናዖድ አልነግረውም» አለች። «ይሄ የእርስዎ ነው። እስከ እሑድ ይንገሩት። ፕሊስ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ወይዘሮ ሂወት ከኦክላንድ በየቀኑ ትመጣለች። «ልጅቷ ናፈቀችኝ» ትላለች። ልጅቷን እሷ ትይዛለች፣ እኔ ወጥ እሠራለሁ። ናዖድ ሁለት አያት አገኘች ብሎ ደስ ብሎታል።

እሑድ አለፈ። አልነገርኩትም።

ዓለምፀሐይ


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓለሜ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለያዝሻትም ልጅ።

የሚያዝያው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። መልስ የዘገየው በፖስታ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። የግንቦቱ ሲመጣ ግን አንቺ ያንን ሁሉ ጽፈሽ እኔ ዝም ማለቴ አስጠላኝ።

ኔትወርኩ ደህና ነው። የእኔም ጆሮ ሄዷል። ፋብሪካው ውስጥ ብርድ ልብስ ስሸምን ነው ይላል ሐኪሙ፤ በዘርም ሊሆን ይችላል ይላል። አንቺ ስልክ የማትደውዪው ለምን ይሆን እያልኩ ስከስሽ እኔ ራሴ ደምመላሽ ባይኖር ማን እንደ ደወለልኝ አላውቅም ነበር። እሱ ያውቃል። ስልኬን እንዲንቀጠቀጥ አድርጎ ሰጥቶኛል፣ ደረቴ ውስጥ እይዘዋለሁ። አንድ ቀን ማኅሌት ላይ ተነሣብኝና ብድግ አልኩ፤ ሴቶቹ መንፈስ ያዛት ብለው ጠበል ረጩኝ። ይህን ስታነቢ ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

አሁን አንቺ የቀረውን አልጽፈውም ያልሽውን ልጻፈው። ያን ቀን መደቡ ላይ የተኛው የአጎታችን ልጅ ደግነት ነበር። ዓመት አልሞላውም። ክሩን ጎተትነው፣ እትዬ አይናዲስ መጥታ አይታ ተመለሰች። እንደገና ጎተትነው፣ እንደገና መጣች። ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝና ብትመጣ እንኳ ምንም እንዳታገኝ ብዬ ከእግሩ ላይ ፈታሁት። የፈታሁት እኔ ነኝ። የክሩን ጫፍ ከመደቡ እግር ጋር አሰርኩት። ከዚያ ውኃ ልንቀዳ ሄድን። ልጁ ተነሣ፣ ዳኸ፣ ምድጃው ውስጥ እጁን ከተተ።

አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስትስቂ ነበር፣ አላየሽም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንቺ አላየሽም ብዬ እጽናናለሁ፤ የማላፍርበት አንድ ሰው በዓለም ላይ አለኝ እያልኩ።

ከዚያ በኋላ ልጅ በእጇ የሰጣት የለም። ጓዳ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት ባቄላ ፈለፈለች። መጀመሪያ ሰሞን ክሩን እያሳየች «አጥብቄ አስሬው ነበር» ትል ነበር። ቆይታ «ምናልባት አላጠበቅሁትም» ማለት ጀመረች። ያንን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ደግነት ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል። ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ይይዛል። እሷ በደንብ ስላላሰረችው እንደሆነ ነው የሚያውቀው፤ ነፍሷን ይማር እያለ ይቅር ብሏታል። ይቅር ሲላት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ዓለሜ፣ ያንን በእጅ የሚታሰረውን አስገዢ። ለናዖድ ንገሪው። የአንቺን ክር ማንም አልፈታብሽም፤ ራስሽ ነሽ የፈታሽው።

ዕፀገነት


ሳን ሆዜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እት ዕፀገነት፣ ለጤናሽ ለነፍስሽም እንደምን ነሽ?

ደብዳቤሽ ሳይመጣ ነግሬው ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ። አልነገርኩትም። አምስት እሑድ አለፈ፤ ቢሌን በየእሑዱ አየት አድርጋኝ ታልፋለች። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ናዖድ ቁርስ ሲበላ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ናዖድ፣ አልሰማም» አልኩት።

«ምኑን?»

«ምንም ነገር። ከጀመረኝ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ብዙ ተናገረ። ጺሙ ውስጥ አለቀ። ቢሌን ከምድጃው አጠገብ ሆና አፏን እያሳየችኝ ደገመችልኝ፤ «ለምን አልነገርሽኝም ነው የሚለው» አለች። ሳንባ ያልኩትም ውሸት ነው፣ ሰማንያ ቀን ያልኩትም ለካሜራው ነው አልኳቸው። ቢሌን እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ሆስፒታሉን ሙሉ ነግሬያለሁ እኮ» አለች። ናዖድ ሳቀ፣ ከዚያ እየሳቀ አለቀሰ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

እሑድ ጠዋት ከፎቅ ሲወርድ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ላጭቶት ነበር። ፊቴ ቁጭ ብሎ «ቁርስ በልተሻል?» አለኝ፣ እያንዳንዷን ቃል አየኋት። አገጩ የእናቱ ነው፤ ረስቼው ነበር።

ልጅቷን እንደፈራሁት አልወሰዱብኝም፣ እንደተመኘሁትም ሙሉውን አልተዉልኝም። ሦስት ቀን እኔ፣ ሁለት ቀን ወይዘሮ ሂወት ሆነ። ትክክል ነው። የጆሮ ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ይዘውልኛል። ቢሌን በእጅ የሚታሰረውን በስልኳ ስትፈልግ ወይዘሮ ሂወት ከኦክላንድ ካርቶን ይዛ ገባች። ያው ራሱ ነው።

«ያን ቀን ይዘሽው ነበር» አለችኝ። አንገቷን ደፍታ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔም ምስኪን ብዬ ነበር አልኳት። ከዚያ ካርቶኑን አብረን ከፈትነው። ቢሌን ግራ እጄ ላይ አሰረችልኝ። «ጠበቀ?» አለች። ትንሽ ጨምሪው አልኳት።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርኩም ነበር። ስትፈቺው አየሁሽ። ከመደቡ እግር ጋር ስታስሪውም አየሁሽ፤ ደግነት እንደሚነሣም አውቄ ነበር፣ ዓይኑን ገልጦ ነበርና። አንቺ ትልቅ ስለነበርሽ ዝም አልኩ። ከዚያ እትዬ አይናዲስ «ምናልባት አላጠበቅሁትም» ስትል አጠገቧ ባቄላ እየፈለፈልኩ ዝም አልኩ። ስለዚህ የማታፍሪበት ሰው የለሽም። እኔም የለኝም። ይህን በመጻፌ ይቅር በይኝ፤ አንድ ያለሽን ማጽናኛ ነው የወሰድኩብሽ።

ለደግነት የጻፍኩት በዚሁ ፖስታ አለ። የእኔን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ አየሁ ዝም አልኩ የሚል። ማን እንደ ፈታው አልጻፍኩም። ለበዓል ሲመጣ አጠገቡ ተቀምጠሽ ስጪው። ነፍሷን ይማር የሚለውን ከእንግዲህ እንዲተወው ሳይሆን፣ ይቅር ሊል የሚገባው እሷን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው።

ይህን ስጽፍልሽ ወጥ ቤት ነኝ፤ የእኔ ቀን ነው፣ ሳሌም ፎቁ ላይ ተኝታለች። አሁን ከላይ ያለውን መስመር ጽፌ ሳልጨርስ እጄ ላይ ያሰርኩት ተንቀጠቀጠ። ብድግ ማለት ሲገባኝ ቁጭ ብዬ ኋላዬን አየሁ፣ በር ጥግ የቆመ ሰው ካለ ብዬ። ማንም የለም። ቆመ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ላይ ወጣሁ።

እያለቀሰች ነበር።

ዓለምፀሐይ